ከጭነት መኪና የተገዙት ዘንባባዎች

ዕድሜዬን ሙሉ በኢራቅ ባስራ ከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት አትክልተኛ ሆንኩ። ሆንኩ ስል የገለባ ባርኔጣ ገዛሁ ማለቴ ነው። ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ግቢዬ ውስጥ ስንጎራደድ ባለቤቴ ናዚማ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ትልና «አቡ ሪሃም፣ ተሳፋሪ ጠፋብህ እንዴ?» ትለኛለች።

ግቢያችን ውስጥ ያኔ አንዲት ዘንባባ ብቻ ነበረች፤ ከናዚማ አባት የወረስናት በርሒ። የበርሒ ቴምር ገና ቢጫ ሳለ፣ ሳይለሰልስ፣ እንደ ሸንኮራ እየተቀረጠፈ ይበላል። የምታጠጣትም፣ የደረቀ ቅጠሏን የምትገርዝላትም ናዚማ ነበረች። የእኔ ድርሻ በየዓመቱ ብርዱ ሲያበቃ ሐጂ መኪ ቤት ሄዶ መለመን ነው።

ዘንባባ እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው። በሴቲቱ አበባ ላይ የወንዴው ብናኝ ካልተነሰነሰ ቴምር የሚባል ነገር የለም። በእኛ መንገድ ደግሞ ወንዴ ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ መኪ ብቻ ነበሩ። ዛፉን «ሱልጣን» ይሉታል። ብናኙን ለማንም አይከለክሉም፤ ግን መጀመሪያ ማዳመጥ አለብህ። በራቸው ላይ አቁመው የሱልጣንን አባት፣ የሱልጣንን አያት፣ አያቱ ከአቡ ኸሲብ ከተማ በጀልባ ተጭኖ ሲመጣ ጀልባዋ እንዴት ልትገለበጥ እንደነበር ይተርካሉ። ሻይህ እጅህ ላይ ይቀዘቅዛል፤ እሳቸው ገና ጀልባዋን ከወደብ አላስነሷትም።

አንድ ዓመት ከዚያ ትረካ እግሬ ደንዝዞ እያነከስኩ ተመለስኩና ናዚማ ፊት ቆሜ አወጅኩ።

«በቃኝ! እኔም ዘንባባ እተክላለሁ! አራት በርሒ፣ በመንገዱ በኩል ተደርድረው! ከዛሬ በኋላ ሐጂ መኪ በር ላይ አልቆምም!»

ናዚማ የምትለቅመውን ሩዝ አስቀመጠች። «በርሒ ሴት አይደለች?»

«ሴት ናት።»

«እስካሁን የምትለምነው ለአንዲት ሙሽራ ነበር። አራት ስትጨምር ለአምስት ልትለምን ነው። እሳቸው ደግሞ በአምስት እጥፍ ሊያወሩብህ ነው።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ባርኔጣዬን አድርጌ የተናገርኩትን ነገር እንዴት መልሼ ልዋጠው?

«እንግዲያው ከተከልክ አይቀር» አለች ናዚማ፣ «እህቴ ቤት አቡ ኸሲብ ሂድ። ፍሬዋን ከምታውቃት እናት ሥር የበቀለ ልጅ ተገንጥሎ ይሰጥሃል። እናቷን ያላየሃትን ዘንባባ ግቢዬ እንዳታስገባ።»

የእህቷ ባል ሁልጊዜ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በተለይ እኔ ባለሁበት። እዚያ ሄጄ ትምህርት ከምሰማ ብዬ ሳመነታ፣ አላህ ይስጠው፣ አንድ ሰውዬ በትንሽ የጭነት መኪና ችግኝ ሞልቶ መንገዳችን ገባ።

ስናወራ ሾፌር እንደነበርኩ ነገርኩት።

«የቱ መስመር ነበርክ?» አለኝ።

«ከዐሻር እስከ ጁምሁሪያ።»

«ወላሂ! አንተ ነህ እንዴ? ያ ፍሬን ሲይዝ ሰው የማያንገዳግደው ሾፌር?»

እውነቱን ለመናገር እኔ ፍሬን ስይዝ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደፊት መጥቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ቢሆንም አልካድኩም። «ትንሽ እጄ ለስላሳ ነበር» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«አውቄሃለሁ ብያለሁ እኮ! ለአንተ የማይሆን ነገር አልሰጥም። በርሒ ናቸው፤ በዓባስ እምልልሃለሁ!»

በእኛ አገር በሰማዕቱ በዓባስ የማለን ሰው መጠራጠር ነውር ነው። ያሞገሰህን ሰው መጠራጠር ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። አራቱን ችግኞች ተሸክሜ ስገባ ናዚማ ዙሪያቸውን አይታ «እናታቸውስ?» አለችኝ።

«ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች» አልኩ። ምሳ ሳታቀርብልኝ ዋለች።

ተከልናቸው። ማለት፣ እኔ ባርኔጣዬን አድርጌ የት የት እንደሚሆኑ በጣቴ አሳየሁ፤ አንዱን ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ወገቤን ያዘኝ፤ ሦስቱን ናዚማ ቆፈረች። የችግኙን ልብ አፈር እንዳይቀብረው፣ ውሃም እንዳይተኛበት ከፍ አድርጋ ተከለችልኝ። በብርድ ጊዜ ጆንያ አለበሰቻቸው። የሻጥ አል-ዐረብ ወንዝ ውሃ ጨው በሆነበት በጋ ከታንከር የገዛነውን ውሃ ከልብስ ማጠቢያዋ ቀንሳ አጠጣቻቸው። እኔም ሥራ አልፈታሁም፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ እነሱ አወራ ነበር። ለማን ቅርጫት ቴምር ቃል እንዳልገባሁ አሁን አላስታውስም፤ ቃል ያልገባሁለት ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ዓመታት አለፉ። ዘንባባዎቹ ከቁመቴ በለጡ፤ አንድ ቀን ማለዳ አንደኛው ከቅጠሉ መሀል የአበባ ሰገባ አውጥቶ አገኘሁት። ቡናማ፣ እንደ ጎራዴ አፎት የረዘመ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር። እኔ የሻይ ቤቱን ሰው ሁሉ ጠራሁ።

ግቢዬ ሞላ። ናዚማ ሻይ እያዞረች ዓይኔን ላለማየት ትጠነቀቃለች። ሐጂ መኪ ከሁሉ በኋላ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ፤ ሰውም መንገድ ለቀቀላቸው። ሰገባውን በሁለት ጣታቸው ጫን አሉት። የሆነ ነገር ከውስጥ ኮሽ፣ ኮሽ አለ። ደግመው ጫኑት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ አቡ ሪሃም። ወንድ ልጅ ነው።»

የግቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሲጫን ኮሽ የሚለው የወንዴ ሰገባ ብቻ ነው። «አንዱ እንኳ ወንድ ቢሆን...» ብዬ ጀመርኩ። ሐጂ ግን ወደ ሁለተኛው ተሻግረው ነበር፤ እሱም ሰገባ ማውጣቱን እኔ ራሴ አላየሁም ነበር።

«ይኼም ወንድ ነው!»

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛውም አራተኛውም አበቡ፤ ሁለቱም ወንዶች። እንግዲህ እኔ ሦስት ሴቶች ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ። እስከዚያ ድረስ በመጀመሪያዋ ልጄ ስም «አቡ ሪሃም»፣ የሪሃም አባት፣ ተብዬ ስጠራ የኖርኩት ሰውዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ቤት ስገባ «የኮርማዎቹ አባት መጣ! ወንበር ስጡት!» እባል ጀመር። ናዚማም አልማረችኝም።

«ያን ሁሉ ዘመን አላህን ወንድ ልጅ ስጠኝ እያልክ ስትለምን» አለችኝ፣ «አድራሻውን በደንብ አልነገርከውም ነበር ማለት ነው።»

መጥረቢያ አንስቼ ወጣሁ። አንዱን እንኳ ብቆርጥ ንዴቴ ይወጣልኝ ነበር። ናዚማ ግን መጥረቢያውን ከእጄ ተቀበለችኝና «ውሃዬን የጠጣ ዛፍ ነው፤ አትነካውም» አለች። በልቤ ደስ አለኝ፤ ወገቤ አሞኝ ነበር።

በዓመቱ፣ ሰገባዎች ሊፈነዱ ሲሉ፣ ትልቁ የአቧራ ማዕበል መጣ። ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ቀይ ሆኖ ዋለ። ወደ ማታ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ሰማን፤ አቧራው ሲቀንስ ስንወጣ ሱልጣን መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ውስጡን ትል በልቶት ግንዱ ቀፎ ሆኖ ነበር። ሐጂ መኪ ቤታቸው በር ላይ ቆመው አዩትና ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀናት አልወጡም።

ዘንባባ ግን ሐዘን አይጠብቅም። የመንገዱ ሴቴ ዛፎች ሁሉ አበባቸውን ከፍተው ብናኝ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ የመጣችው ማዶ ያለችው እሙ ቀህጣን ናት፤ ፌስታል ይዛ።

«አቡ ሪሃም፣ ዓይኔ፣ ከልጆችህ ትንሽ አታቀምሰንም?»

መሰላል አምጥቼ ወጣሁ። የሰገባውን አፍ ሰንጥቄ ስጎትተው ሙሉ ዱቄቱ ፊቴ ላይ ተደፋ፤ አስነጠሰኝ፤ ሳስነጥስ መሰላሉ ተንሸራተተ፤ እሾሃማ ቅጠል መሀል ተሰክቼ ቀረሁ። ናዚማና እሙ ቀህጣን ጎትተው ሲያወርዱኝ ከወፍጮ ቤት የወጣሁ መስዬ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሳቅ ገድሏቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ቢሆንም ፌስታሏ ሞልታ ሄደች።

በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ፤ ከዚያ ሌላ። አሁን ነው እንግዲህ የሚያሳፍረኝ። ሰዎቹ በራፌ ላይ ፌስታል ይዘው ሲቆሙ አንድ ነገር አፌን ይበላኝ ጀመር። መጀመሪያ «ጥሩ ብናኝ ነው» አልኩ። ቀጥዬ «እንዲህ ያለ ብናኝ በቀላሉ አይገኝም» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ አራቱ ዛፎቼ ከአቡ ኸሲብ የታወቀ ቤት የተወለዱ፣ አባታቸው አንድ ሼኽ የተጣላበት፣ አያታቸው ደግሞ በጎርፍ ጊዜ ሦስት ሰው ያተረፈ ዘንባባ ሆኑ።

ሐጂ መኪ የመጡት እዚያ ጋ ስደርስ ነው። ከስተዋል። የወረቀት ከረጢት በእጃቸው ይዘዋል። «ለሁለቱ ሴቶቼ ትንሽ ብናኝ ብትሰጠኝ» አሉ፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

ደግ ሰው ቢሆን ወዲያው ከረጢቱን ሞልቶ ይሰጣል። እኔ ግን ሻይ አስመጣሁላቸውና ጀመርኩ። ሼኹን፣ ጎርፉን፣ ከጎርፉ የተረፉትን ሦስት ሰዎች ነገርኳቸው። ማቆም እፈልጋለሁ፤ አልሆነልኝም፤ ፍሬኑ እንደተበጠሰ አውቶቡስ ሆኜ ነበር። ሐጂ አንዴ በግራ እግራቸው፣ አንዴ በቀኝ እግራቸው ይቆማሉ። ናዚማ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ደንግጬ ወሬዬን አቋረጥኩ።

ሐጂ ቀና አሉ።

«አቡ ሪሃም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔም እንዲህ ነበርኩ?»

መዋሸት ጀምሬ ተውኩት። «እርስዎማ ይብሱ ነበር፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብላችሁ ትሰሙኝ ነበር?»

«ብናኝ ፈልገን ነዋ!»

ሳቁ። ደረታቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሱልጣንን ከሳሂራ ጋር ነው የተከልነው» አሉ። ሳሂራ ሟች ባለቤታቸው ናት። «እኔ ጉድጓድ ስቆፍር እሷ ቀጥ አድርጋ ይዛው ነበር። እሱን ሳወራ እሷን ያወራሁ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት በራቸው ላይ ቆሜ የዛፉን ቅድመ አያት ሳይቀር ሰምቻለሁ፤ የእሷን ስም ግን አንዴም አልጠሩትም ነበር። ከረጢታቸውን በብናኝ ሞላሁ። አባቱን የፈጠርኩለትን ዛፍ ትቼ መሰላሌን ተሸከምኩ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ቤት። እኔ ወጥቼ እነሰንስልዎታለሁ።»

የነሰነስኩት ግማሹን ራሴ ላይ ነው። ሐጂ ከታች ሆነው «ወደ ግራ! አበባው በግራ ነው! አንተ ሰው፣ አውቶቡስም እንዲህ ነበር እንዴ የምትነዳው?» እያሉ ጮኹብኝ። ያም ሆኖ ዛፎቻቸው በዚያ ዓመት በደንብ ያዙ። ቴምሩ ሲደርስ ከየቤቱ ሳህን ይመጣልን ጀመር፤ ብናኝ የወሰደ ሁሉ ላከ። ከአራት መካን ዛፎች ያን ያህል ቴምር የበላ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሙቀቱ በረድ ሲል ከአራቱ ወንዶች አንደኛው ከእግሩ ሥር ልጅ አብቅሎ አየን። ናዚማ በብረት ገንጥላ አወጣችውና ወስደን ሱልጣን በወደቀበት ቦታ ተከልነው። ሐጂ መቆፈር ስለማይችሉ እሳቸው ቀጥ አድርገው ያዙት፤ እኔ ቆፈርኩ። በዚህ ጊዜ ወገቤን ቢያመኝም አልተናገርኩም። ከቀሩት ወንዴዎች አንዱን ደግሞ ናዚማ ራሷ አስቆረጠችው፤ ቦታ ፈልጋ ነበር። አቡ ኸሲብ እህቷ ዘንድ ሄዳ፣ ፍሬዋን ከልጅነቷ ጀምሮ ከምታውቃት እናት የተገነጠለች በርሒ በጆንያ ጠቅልላ አመጣች። የእህቷ ባል አብሯት መጥቶ አተካከል አስተማረኝ። ሰማሁት።

ናዚማ ያመጣቻት በርሒ ዘንድሮ የመጀመሪያ ፍሬዋን ሰጠች። ሳህን እንኳ የምትሞላ ዘለላ አልነበረችም። ግማሹን እኔና ናዚማ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ቀረጠፍነው፤ ግማሹን ለሐጂ መኪ ወሰድንላቸው። ጥርስ ስለሌላቸው መስኮታቸው ላይ ደረደሩትና እስኪለሰልስ ጠብቀው አንድ በአንድ በሉት።