ሐሙስ ምሳ ፎቲኒ ቤት

ቪብኬ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ የፎቲኒን ምግብ ቤት በር ገፍታ ገባች። የነገሯት እውነት ነው። ባሏ ኤበርሃርድ ጥጉን ይዞ የድንች ሰላጣ ይበላል።

"ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ ገበያ ነኝ አላልከኝም?"

ኤበርሃርድ የጎረሰውን ዋጠና፣ "ልሄድ ስል…" ብሎ ቀረ።

ተሰሎንቄ ውስጥ የጀርመን ምግብ ያማረው ሰው ወዴት ይሂድ ቢባል፣ መልሱ ለዓመታት አንድ ነበር፤ የቪብኬና የባሏ ምግብ ቤት። ባለፈው ክረምት ግን ፎቲኒ መጣች። ደቡብ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ስታበስል የሸበተች ግሪካዊት ናት። ደንበኛ ብትሻማትስ ቪብኬ ትችለው ነበር። ባል ግን! ሌላ ሴት አቅፎ ብታገኘው እንኳ እንዲህ የሚያንገበግባት አልመሰላትም።

"እኔ የሌለኝ ምን አላት?"

"ኧረ ቪብኬ፣ ሰላጣ እኮ ነው!"

"የእኔስ? ይኸን ሁሉ ዘመን 'እጅሽ ይባረክ' ስትለኝ የኖርከው?"

"ያንቺም ጥሩ ነው። ግን በማዮኔዝ ነው፣ እንደ እናንተ እንደ ሰሜኖቹ። እናቴ ግን እንደ ፎቲኒ፣ እንደ ደቡቦቹ፣ ትኩስ የሥጋ መረቅና ኮምጣጤ ነበር የምታፈስበት። ያልነገርኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

ይኼ ደግሞ ባሰባት። ለካ ሲበላ የኖረው እየታገሠ ነው።

ፎቲኒ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። "እትዬ ቪብኬ፣ ይቀመጡ እንጂ! ሳህን ላምጣልዎ?"

"ሳህንሽ ይቅርብኝ። ለመሆኑ ሲበላ ምን ይልሻል?"

"ምን ይላሉ? ጨርሰው 'ጨምሪልኝ' ነው የሚሉት።"

ቪብኬ ክው አለች። እቤት አንድ ቀን እንኳ ጨምሪልኝ ብሏት አያውቅም። ሹካውን ከባሏ እጅ ነጥቃ ቀመሰች። መጣፈጡ ይበልጥ አበሳጫት።

"አሠራሩን ላሳይዎት፤ ምንም አይከብድም" አለች ፎቲኒ።

"የሰው እጅ አልኮርጅም!" ብላ ሹካውን ጥላ ወጣች። ኤበርሃርድ ኮቱን እንኳ በወጉ ሳይለብስ ተከተላት።

ቪብኬ ምግብ ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ሰሌዳውን በሽርጧ ጠረገችና በጠመኔ "ሐሙስ ምሳ ዝግ ነው" ብላ ጻፈች።

"ምን መሆንሽ ነው? ገበያችንን ልትዘጊው?"

"ከእንግዲህ ፎቲኒ ቤት አብረን ነው የምንሄደው። ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ሲያምርህ 'ጨምሪልኝ' የምትለው ለእኔ ነው፤ ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ።"