ቀዩ ወፍና የሎይድ ሽኮኮዎች

ሽኮኮ ያምራል የሚል ሰው ሽኮኮ ዘርፎት የማያውቅ ሰው ነው። ጭራው ለስላሳ፣ ዓይኑ ክብ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ሲያጥፍ የሚጸልይ ይመስላል። ሌባም እኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጁን አጥፎ ይቆማል።

ባሌ ኦሪን ከመሞቱ በፊት ከወጥ ቤቱ መስኮት ትይዩ፣ በብረት ቋሚ ላይ፣ የወፎች መመገቢያ ሠርቶልኝ ነበር፤ ጣሪያ ያላት ትንሽ የእንጨት ቤት። ቀይ ወፍ ደጅህ ከመጣ የሞተብህ ሰው ሊጠይቅህ መጣ ይባላል በእኛ አገር። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ግን አንድ ቀይ ወፍ በነጩ መሃል እንደ ፍም እየበራ መጥቶ መመገቢያው ላይ አረፈና ወደ መስኮቱ አየ።

«በል ቁርስህን ብላ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ቁርስ የምንበላው አብረን ሆነ።

እንደ ልማዳቸው ሽኮኮዎቹ መጡ። የሱፍ አበባ ፍሬውን ጠራርገው በሉ፣ የመመገቢያውን ጠርዝ አኘኩ፣ ወፉን አባረሩ። መጀመሪያ ዘግይቶ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ጭራሽ ቀረ። ባሌን ሁለተኛ ጊዜ ወሰዱብኝ ማለት ነው።

መውጣት እንዲያቅታቸው ቋሚውን ግሪስ ቀባሁት። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ሎይድ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ይስቃል።

«ቬርና፣ ነገ ደግሞ ቅቤ ልትቀቢው ነው? ዳቦውን እኔ ላምጣ?»

ቋሚውን በቆርቆሮ ሸፈንኩት። በዚህ ጊዜ መውጣቱን ትተው መዝለል ጀመሩ። የሚዘሉት ደግሞ ከየት ነው? ሎይድ አጥሩ ላይ ከቸነከራት፣ በቆሎ ከሚያቀርብባት የሽኮኮ ጠረጴዛ! ግራና ቀኝ አግዳሚ ያላት፣ ለአሻንጉሊት የተሠራች የምትመስል ጠረጴዛ ናት። እሱ በቆሎ ያበላቸዋል፣ እነሱ ጠግበው ለማጣጣሚያ ወደ እኔ ይዘላሉ።

«አንሳት» አልኩት።

«ወፍ ብቻ ነው እንዴ የእግዜር ፍጥረት? ጄኔራል፣ አይዞህ፣ ብላ!» አለ፤ ከሁሉ ወፍራሙን ሽኮኮ የሚጠራው እንደዚያ ነው።

መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ሎይድ በቤት ጫማው በረዶውን እየረገጠ ሮጠ።

«ቬርና! እሷን አትንኪ! የፈለግሽውን ስበሪ፣ እሷን ተይ!»

አንድ መትቼ ከአጥሩ አላቀቅኳት። ልሰባብራት ስገለብጣት እጄ አየር ላይ ቀረ። አግዳሚዎቹ የተያያዙት በሚስማር አልነበረም፤ በተሞረደ የእንጨት ችንካር ነበር። ሚስማር ይዝጋል ብሎ በእንጨት ችንካር የሚሠራ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የወፎቼ መመገቢያም የቆመችው በዚያው ችንካር ነው።

«ይህን ማን ሠራው?»

ሎይድ አንገቱን ደፋ። «ኦሪን ነዋ። በቆሎውንም የሚያመጣው እሱ ነበር።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«አንቺን ማን ደፍሮ ይነግራል?»

መዶሻውን አጥብቄ ያዝኩ። እሱ ግን አፉ ከተከፈተ አይዘጋም።

«ደግሞ ቀይ ወፍ ትያለሽ። ኦሪንን ረሳሽው እንዴ? ለበዓል የጋገርሽውን ኬክ ሳይቆረስ በማን ጣት ነበር የሚቦረቦረው? አፉን ጠርጎ ‹እኔ አላየሁም› የሚለው ማን ነበር? ኦሪን ከመጣ ሽኮኮ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እመቤቴ!»

እውነቱን ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ከመስኮቱ ሽኮኮ ሳባርር፣ ኦሪን ከጀርባዬ ቆሞ «እነዚህ የተረገሙ» እያለ ያግዘኝ ነበር። ለካስ ድግሱን የደገሰው እሱ ነው!

ጠረጴዛዋን ለሎይድ ወርውሬለት ገባሁ። የወፍ እህል የሚሸጥልኝ ሰው በርበሬ ወፍን አያቃጥለውም፣ ሽኮኮን ግን እንደ ሰው ያንገበግበዋል ብሎኝ ነበር፤ ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ትቼው ነበር። አሁን ግን ቤት ውስጥ ያለውን በርበሬ በሙሉ ፍሬው ላይ ገለበጥኩና በዘይት አሸሁት። ወፉ ኦሪን ከሆነ በሰላም ይበላል። ሽኮኮው ኦሪን ከሆነ ደግሞ የእጁን ያግኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋ ተመልሳ ተቸንክራለች። ጄኔራል ከእሷ ተስፈንጥሮ መመገቢያው ላይ ወጣ፤ ሁለቱን ጉንጮቹን ሞላ። ቆመ። ሁሉንም ተፋ። በረዶው ላይ ወርዶ አፉን በሁለት እጁ ጠረገ፣ ጠረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ በመስኮቱ አየኝ፤ ኬክ ላይ የተያዘ ሰው አስተያየት ነበር። አጥሩን ዘሎ ወደ ሎይድ ሮጠ።

ብዙ ሳይቆይ ቀዩ ወፍ መጣ። በርበሬ የለበሰውን ፍሬ እየፈለፈለ ተረጋግቶ ይበላ ጀመር። ቁርሴን አቀረብኩና መስኮቱን ከፈትኩት።

«ሎይድ!» ብዬ ጮህኩ። «ለኦሪን ውሃ ስጠው!»