ከኋላ የሚያጉረመርመው

ጆሮሽ ነው አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ጭንቅላትሽ ነው ሊሉኝ ተዘጋጁ። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሞተር ሥር የቆምኩ ሴት፣ ቺንጋ ሊበጠስ ሲል ከባለወፍጮው ቀድሜ የምሰማ፣ ዛሬ መኪናህ ይጮኻል ብል ከገዛ ልጄ እንኳ የሚያምነኝ አጣሁ።

መኪናው አዲስ ነው። ከተገዛ ገና ሦስት ወሩ። ከፍ ያለ፣ ጎማው ትልልቅ፣ ስገባበት መሰላል የሚያስመኘኝ። ልጄ እንደ አራስ ሕፃን ነው የሚንከባከበው፤ የወንበሩን ፕላስቲክ እንኳ አላወልቅም ብሎ ስንቀመጥ ይንኮሻኮሽብናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ እንከን ማውጣት ልቡን እንደሚነካው አውቃለሁ። ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

ድምፁ ከኋላ ነው፣ በግራ ጎማ በኩል፣ ከመቀመጫዬ ሥር። እህሉ አልቆ የወፍጮ ድንጋይ ባዶውን ሲዞር የሚያሰማውን ዓይነት። መኪናው ሲፈጥን ይብሳል። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ያጉረመርማል፣ ወደ ግራ ስንታጠፍ ዝም ይላል።

"ፕላስቲኩ ነው እማዬ" አለኝ ልጄ።

"እንግዲያው አውልቀው።"

አላወለቀም። እኔ አወለቅኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ ድምፁ ግን እዚያው ነበር። ከዚያ አዲስ ጎማ ስለሆነ ነው አለ። ከዚያ መንገዱ ነው አለ። በሌላ መንገድ ሄድን፣ ተከትሎን መጣ። ምራቴ ሆዷ ገፍቷል፤ ከኋላ ከተቀመጠች ስለሚያጥወለውላት ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። ዘወር ብላ "እማማ፣ እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገረው አድርጋ።

"አንቺማ ሬዲዮኑን ታቅፈሽ ምን ይሰማሻል" አልኳት።

እሁድ ምሳ ላይ ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠና "እንስማማ" አለ። "ማክሰኞ ጋራዥ እንሂድ። ድምፅ ካለ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ከሌለ ግን ሐሙስ የጭንቅላት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤ ያለ ንትርክ ትሄጃለሽ።"

"ጋራዡ ሳያየው ቀጠሮ ያዝክ?"

 ምራቴ ያልተበላበትን ሰሃን ማንሳት ጀመረች። ሦስታችንም የምናስበው ስለ ታላቅ እህቴ ነበር። እሷን የጀመራት እንዲሁ ነው፤ በሩ ተንኳኳ እያለች ትነሳለች፣ ከፍተን ብናይ ማንም የለም። በዓመቱ ልጆቿን ማን ናችሁ አለቻቸው። እኔ ይህን ስለማውቅ ነው ሌሊቱን እንደዋዛ የተኛሁ መስዬ ያደርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ምራቴን ጋራዡ አጠገብ ካለው መሥሪያ ቤቷ አደረስናት። እስከዚያ ድረስ ድምፁ ከሥሬ ሲያጉረመርም ነበር፤ ይኸው እጅ ከፍንጅ ሊያዝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጋራዥ ስንደርስ ደንበኛ የምትቀበለው ልጅ ችግሩ ምንድን ነው ብላ የጠየቀችው ልጄን ነው። "እናቴ ድምፅ ይሰማኛል ትላለች" አላት። እሷም እንዳለ ጻፈችው። ጎማው ድምፅ አለው አላለም፤ እናቴ ትላለች ነው ያለው።

መካኒኩ ፀጉሩ የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ነው። ልጄ ስልክ እያወራ ስለቀረ መኪናውን ሊሞክር እኔን ይዞ ሊወጣ ተነሳ። የኋላውን በር ልከፍት ስል ክንዴን ያዘኝ።

"ኧረ እማማ፣ እኔ እያለሁማ ከኋላ አይቀመጡም። ፊት ይሁኑ።"

ሰው ሲያከብረኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ወጥቼ ፊት ተቀመጥኩ፤ ቀበቶውንም እሱ አሰረልኝ። ሬዲዮ ዘጋ፣ መስኮት ዘጋ። ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ለቀቀው።

"አሁን ይሰማዎታል?"

አንገቴን አስግጌ ጠበቅኩ። ምንም የለም። መኪናው እንደ ሐር ይሄዳል።

"አሁን የለም" አልኩ። "ጠዋት ግን ነበር።"

"እሺ እማማ" አለ። እሺታው የምራቴን ይመስላል።

ተመልሶ መኪናውን ሽቅብ ሰቀለው። አራቱም ጎማ አየር ላይ ተንጠለጠለ። የኋላውን በእጁ አሽከረከረ፣ ረጅም ካቻቪቴ ብረቱ ላይ ተክሎ ጆሮውን እጀታው ላይ ለጠፈ። አንዳች የለም። ወረቀቱን ጽፎ ሰጠን። ትምህርት ቤት ባልሄድም ፊደል ለይቼ አነባለሁ፤ ጊዜ ይፈጅብኛል እንጂ። "ተፈትሿል። ድምፅ አልተገኘም" ይላል።

ልጄ አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብሎ ክንዴን ደገፈኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣሁም። ጠዋት የሰማሁት ወዴት ሄደ? መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው። ከእኔ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ታዲያ የተበላሸሁት እኔ አይደለሁም?

ለምሳ ምራቴን ልንወስድ ሄድን። እሷ ፊት ገባች፣ እኔ ወደ ኋላ ተዛወርኩ። ምን አገኘ ብላ በዓይኗ ጠየቀችው፤ ራሱን ነቀነቀላት። በመስታወቱ አየሁት። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ወደ ቀኝ ስንዞር ከሥሬ አጉረመረመ።

ከንፈሬን ነከስኩ።  እህቴም በሩ ሲንኳኳ እንዲህ ነበር እርግጠኛ የምትሆነው። ይህ ያ በር ይሁን መኪናው መለየት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ መዳፌን ወለሉ ላይ አደረግኩ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ቀለበቴ የወንበሩ እግር ብረት ላይ ይንጣጣል።

የእህቴ በር እጅ አያንቀጠቅጥም ነበር።

ግን ለምን አሁን? ለምን ቅድም አይሆንም? ቀና ስል ምራቴ ፊት ተቀምጣ፣ ቅድም እኔ የተቀመጥኩበት ላይ፣ ምንም ሳይሰማት ጥፍሯን ታያለች።

"አቁም" አልኩት ልጄን።

"እማዬ፣ በቃ እንጂ..."

"መልሰኝ ጋራዥ።"

መካኒኩ ለምሳ እጁን እየታጠበ ነበር። ምራቴ ወርዳ ጋራዡ በር ላይ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ከኋላ ግባ" አልኩት መካኒኩን።

"እማማ፣ እርስዎ ፊት..."

"ፊት ነው ያደነቆረኝ። ግባ፣ በግራ በኩል። እኔ አጠገብህ ነኝ። ልጄ ይነዳል።"

ልጄ የመጀመሪያው መታጠፊያ እስኪደርስ ፈገግ ብሎ ነበር። ወደ ቀኝ ሲዞር መካኒኩ የጀመረውን ቀልድ አቋረጠ። ጎንበስ አለ፣ እንደኔ መዳፉን ወለሉ ላይ ዘረጋ። "ድገመው" አለ። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ደገመው። ከዚያ እኔን መንገድ ዳር አወረደኝና አንድ ጊዜ ዞረው መጡ።

"ከኋላ ብቻዬን ስሆን ይቀንሳል" አለ መካኒኩ። "ክብደት ሲያርፍበት ነው የሚጮኸው።"

"ወፍረዋል ልትለኝ ነው?"

"ኧረ እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ማን ይሰማው ነበር ማለቴ ነው። ቅድም ሰቅዬው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሸክም የለበትም፣ ምን ያሰማኛል?"

"ታዲያ ምኑ ነው?"

ፀጉሩን አከከ። "የግራው የኋላ ኩሽኔታ ይመስለኛል፣ ጎማው የሚሽከረከርበት። የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻልም ሊሆን ይችላል። በሦስት ወር መኪና ላይ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፣ ግራ ገብቶኛል። ሳልፈታው አላውቅም።"

እኔም ግራ እንደገባኝ ነኝ። ግን በሦስት ወር ውስጥ አላውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ጋራዥ ተመልሰን ወረቀቱን ሰረዘና አዲስ ጻፈ፤ አንብቤ ጨረስኩት። ልጄ ቁልፉን ለመካኒኩ ሰጠና ባዶ እጁን ኪሱ ከቶ ከፊቴ ቆመ። ምራቴ ከወንበሩ ተነሳች። 

"ስልክህን አውጣ" አልኩት። "ሐሙስን ሰርዝ። ቤት ስንገባ አይደለም፣ እዚሁ፣ ፊቴ ቆመህ። ለምን ብለው ሲጠይቁህም እናቴ ትላለች እንዳትል፤ እኔ ተሳስቼ ነው በላቸው። ድምፁንም ከፍ አድርገው፣ ሚስትህም ትስማ።"