እናናዬ ዋሻው ውስጥ የገባች ዕለት

ሔርሞን ስጦታዋን የገለጠችው እሑድ ከቸርች መልስ፣ ኮለምበስ ከተማ ኢስትሙር ሰፈር በሚገኘው የወላጆቿ ቤት፣ ሦስቱም ገና ከምሳ ሳይነሱ ነበር። አባቷ ሲራክና እናቷ እናናዬ በትዳር ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጅቷ ዎርዝንግተን ካለው ቢሮዋ ለሰኔ ፈቃድ ወስዳ፣ ነገሩን ሁሉ ጨርሳ ነው የመጣችው። ስልኳን ከውሃው ጆግ ጋር አስደግፋ ቪዲዮ ከፈተች።

«ጣልያን ነው» አለች። «ሳሌርኖ ከሚባል ከተማ ተነስተን ቀኑን ሙሉ በጀልባ የባሕሩን ዳርቻ ይዘን እንሄዳለን። ፕራይቬት ነው፤ እኛ ሦስታችንና ካፒቴኗ ብቻ። ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ካንስል የለም።»

ሲራክ የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠ። «ጀልባ? እኔ? ሪከንባከር ኤርፖርት ስንት ዓመት ፎርክሊፍት ስነዳ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ እያየሁ ነው የምውለው፤ እስካሁን ስሳፈር ግን ሆዴ ይገለባበጣል። ጭራሽ ጀልባ?»

እናናዬ አልሰማችውም። ቪዲዮው ላይ አንዲት ጀልባ ከትልቅ ገደል ሥር ቆማለች። ገደሉ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ጠባብ አፍ አለው። ቪዲዮውን የሚያነሳው ሰው እየዋኘ በዚያ አፍ ገባ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ጨለመ። ከዚያ ውሃው ራሱ በራ። ሰማያዊ እንዳይሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ እንዳይሉት ሰማያዊ የሆነ ብርሃን ከሥር ወደ ላይ ይፈልቃል።

«ይሄ እኛ የምንሄድበት ነው?» አለች እናናዬ።

«እናልፍበታለን። ግን ጀልባው አይገባም፤ ዋና የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚገባው። እኔ ገብቼ ቪዲዮ አነሳልሻለሁ፣ እማዬ።»

እናናዬ ዐይኗን ከስልኩ ሳትነቅል፣ «እኔም እገባለሁ» አለች።

አባትና ልጅ ተያዩና ሳቃቸውን ለቀቁት። እናናዬ ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፤ ከሻወር ያለፈ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

«እማዬ፣ ዩ ካንት ስዊም!»

«እማራለኋ!» አለች እናናዬ፤ እሷ አልሳቀችም።

ጊዜው ክረምት ነበር፤ ኮለምበስ በበረዶ ተሸፍናለች። እናናዬ የሥራ ባልደረቦቿን ስታጠያይቅ ፍርዶስ የምትባል አስተማሪ አገኘች። ፍርዶስ ወላጆቿ በዲቪ ሲመጡ በእቅፍ የገባች ልጅ ናት። አሁን በአንድ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሴቶች ብቻ በተለየው ሰዓት ዋና ታስተምራለች። ራሷ የምትለብሰው የዋና ልብስ ከጸጉሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚሸፍን ነው። እናናዬ ይህን ስታይ ልቧ አረፈ። የቸርች እህቶች «ምን ለብሰሽ ልትዋኚ ነው?» እያሉ ሲያስጨንቋት ነበርና፣ እሷም እንደዚያው ያለውን ገዛች።

የመጀመሪያው ቀን የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

«እትዬ እናናዬ፣ ጠርዙ የትም አይሄድም። እርስዎ ወደ እኔ ይምጡ» አለቻት ፍርዶስ።

እናናዬ የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አቅመ ደካሞችን ከአልጋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች። «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» ማለት የአፏ ልማድ ነው። አሁን ግን ልጇ የምትሆን ልጅ መዳፏን ከጀርባዋ ሥር ዘርግታ «አይዞዎት፣ ይዤዎታለሁ» ስትላት ሰውነቷ እንደ እንጨት ደረቀ። እግሯ ሰመጠ፣ በአፍንጫዋ ውሃ ገባ፣ እያሳላት ተነስታ ቆመች።

«አይታገሉት፤ ይተኙበት» አለች ፍርዶስ።

«ሰው ውሃ ላይ ይተኛል እንዴ ልጄ?»

«ይተኛል። እነዚያ የሚያጥቧቸው እናቶች ሲያነሷቸው ምን ያደርጋሉ?»

«የፈሩት ይደርቃሉ። ያመኑኝ ደግሞ ይለሰልሳሉ፤ ይቀሉኛል።»

«እንግዲህ እርስዎም ይለስልሱ።»

እናናዬ ዐይኗን ጨፈነች። ትከሻዋን ለቀቀችው፣ አንገቷን ለቀቀችው። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ የገንዳው ጫጫታ ሁሉ ጠፋና የራሷ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ዐይኗን ስትገልጥ ፍርዶስ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አንስታ እያሳየቻት ትስቃለች። ማንም አልያዛትም ነበር።

ሲራክ በየሳምንቱ መኪናው ላይ የተጋገረውን በረዶ እየፋቀ ያጉረመርማል። «ሰው በሁለት ካልሲ በሚሄድበት ወር የእኔ ሚስት ውሃ ልትነከር ትሄዳለች!» ይላል። ሆኖም አንድም ቅዳሜ አልቀረም፤ እሷን አድርሶ፣ ሂተሩን ከፍቶ፣ ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል። የሚያዝያ ዛፎች ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ እናናዬ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሳታቋርጥ ዋኘች። ግድግዳውን በእጇ ስትነካ ፍርዶስ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ እናናዬም በዚያው ቅጽበት «ሃሌ ሉያ!» አለች። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ተቃቅፈው እስኪያንቃቸው ሳቁ።

ሰኔ ደረሰና ሳሌርኖ ገቡ። በነጋታው ጠዋት ወደቡ ላይ የጠበቀቻቸው ካፒቴን ኢማ የምትባል፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት። ጀልባዋ ነጭ የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ መሐሏ ላይ ሰማያዊ ጥላ ተዘርግቶባታል። ሲራክ እግሩን ከማስገባቱ በፊት ላይፍ ጃኬት ጠየቀ። ኢማ ስትሰጠው እዚያው ወደቡ ላይ ቆሞ ሦስቱንም ማሰሪያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋ።

ከወደቡ ወጥተው ሞተሩ ሲጨምር እናናዬ ሳታስበው እልል አለች። የውሃው ፍንጣሪ ፊቷ ላይ ይረጫል፤ ከንፈሯን ስትልሰው ጨው ነው። በቀኛቸው ተራራው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆመ ይመስል ተደራርበዋል፤ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ። ከቤቶቹ በላይ የሎሚ እርሻዎች እንደ ደረጃ ተሠርተው ወደ ላይ ይወጣሉ። እናናዬ ራሷን በየት በኩል እንደምታዞር ጠፋት።

«ያንን እይ! ያንን እይ ሲራክ! እዚያ ገደል ላይ ሰው ልብስ አስጥቷል!»

«አየሁት» ይላል ሲራክ የጥላውን ምሰሶ በሁለት እጁ እንደያዘ። ሆዱ ግን አልተገለባበጠም። አማልፊ የምትባለውን ከተማ ሲያልፉ ራሱ ለራሱ ገርሞት «ደህና ነኝ እኮ!» አለ። ከዚያ በኋላ ዓሣ ባየ ቁጥር ጣቱን እየቀሰረ የሚጮኸው እሱ ሆነ።

ወደ ዋሻው ከመድረሳቸው በፊት ግን ነፋስ ተነሳ። ባሕሩ መናወጥ ጀመረ። ኢማ ሞተሩን ቀነሰችና በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የዋሻው አፍ ጠባብ መሆኑን፣ እንዲህ ማዕበል ሲኖር ሰው ከድንጋይ ጋር እንደሚያላጋ ነገረቻቸው። «ሜይቢ ኖ» አለች።

የእናናዬ ፊት ጠቆረ። ፎጣዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች።

ሲራክ አያት። ከሁሉ በፊት «ተመስገን» የሚለው እሱ እንደሚሆን ሔርሞን ገምታ ነበር። እሱ ግን ወደ ኢማ ዞረና «ዊ ካን ዌይት?» አላት።

ኢማ ጀልባዋን ነፋስ ወደማይደርስበት አንድ ጥግ አስገብታ መልሕቅ ጣለች። ሔርሞን እየጠበቁ ሳሉ ልዋኝ ብላ ዘላ ገባች፤ ወዲያው ግን «አው!» ብላ ጮኸችና ክንዷን ይዛ መሰላሉን ወጣች። ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነድፏት ነበር። ክንዷ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ኢማ በባሕር ውሃ አጠበችላት፣ ቅባት ቀባችላት፣ ክፉ ዓይነት አይደለም ብላ አረጋጋቻት። ሔርሞን ግን ዳግመኛ ውሃ ውስጥ የምትገባ አልነበረችም።

ነፋሱ እንደመጣ ሄደ። ባሕሩ ጠፍጣፋ ሆነ። ኢማ መልሕቁን ስባ ወደ ዋሻው ነዳች፤ ከገደሉ ሥር ስትደርስ አቆመችና የውሃ መነጽር አጥልቃ ወደ ታች ተመለከተች። ጄሊፊሽ የለም። «ናው ጉድ» አለች። እሷ ጀልባዋን ትታ መውረድ አትችልም። እናናዬ ከገባች ብቻዋን ነው የምትገባው።

«እማዬ፣ ኖ» አለች ሔርሞን። «አብሬሽ እገባለሁ ብዬ ነበር እኮ ያሰብኩት።»

ሲራክም «እናናዬ፣ እስከዚህ መምጣታችን ይበቃል» አላት በለሆሳስ።

እናናዬ የዋሻውን አፍ አየችው። ከጀልባዋ ያለው ርቀት ከገንዳዋ ርዝመት አይበልጥም። ከሥሩ ግን የገንዳ ወለል የለም፤ ጥልቅ ሰማያዊ ብቻ ነው። የተሰማት ፍርሃት ይሁን ደስታ መለየት አቃታት።

«እሄዳለሁ» አለች።

ኢማ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ አምጥታ በቀጭን ገመድ ወገቧ ላይ አሰረችላት። ከተንሳፋፊው እስከ ጀልባዋ ደግሞ ሌላ ረጅም ገመድ ዘረጋች። «ዩ ፑል፣ ዊ ፑል» አለች፣ በእጇ እያሳየች። እናናዬ መሰላሉን ወርዳ፣ በስመ ኢየሱስ ብላ ለቀቀች።

ውሃው ከገንዳው ይልቅ ቀዘቀዛት፤ ከገንዳው ይልቅ ግን ተሸከማት። ጨው ያለው ውሃ ሰውን ወደ ላይ እንደሚገፋ ፍርዶስ ነግራት ነበር፣ አሁን በሰውነቷ አወቀችው። ቀዘፈች። ተነፈሰች። ቀዘፈች። ድንጋዩ በላይዋ ጎንበስ አለና ፀሐይዋ ጠፋች። ጨለማው ውስጥ አንድ ጊዜ ትንፋሿ ተቆራረጠባት፤ በጀርባዋ ተገልብጣ ትከሻዋን ለቀቀች፣ እስኪረጋጋላት ተንሳፈፈች። ቀና ስትል ብርሃኑ መጣ።

ቪዲዮው የዋሻውን ድምፅ አልያዘውም ነበር። ከጣሪያው የምትንጠባጠብ እያንዳንዷ ጠብታ ትዘምራለች። እናናዬ እጇን ውሃ ውስጥ አየችው፤ ጣቶቿ ይበራሉ። ስታንቀሳቅሳቸው ብርሃን ከመሐላቸው እንደ ዱቄት ይበተናል። ዕድሜዋን ሁሉ ሰው ያነሳችባቸው እነዚያ እጆች ናቸው። ሳቋ መጣ፤ ዋሻው ሳቋን ተቀብሎ አበዛው።

«ሲራክ!» ብላ በሙሉ ድምፅዋ ተጣራች።

ውጭ፣ ገደሉ ላይ ከነበረች ስንጥቅ ውስጥ ስሙ ሲወጣ ሲራክ ብድግ አለ፤ ጀልባዋ ተናወጠች። «ምን ሆነች? ገመዱን ሳቡ!» አለ። ከስንጥቋ ግን ሳቅ ተከተለ፣ ከዚያም «ና! ናና እይ!»

ሲራክ ገደሉን አየ፣ ልጁን አየ፣ ውሃውን አየ። ከዚያ ኢማን «ያንን ክቡን ነገር ስጪኝ» አላት በአማርኛ፣ ወደ ነፍስ አድን ቀለበቱ እየጠቆመ። ኢማ ገባት።

እናናዬ ከዋሻው ብቅ ስትል ባሏን መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ላይፍ ጃኬቱ ላይ ቀለበት ደርቦ አገኘችው።

«አንተ? ልትገባ?»

«ሠላሳ ዓመት ስትጠሪኝ የቀረሁበት ቀን አለ?» አለና ወረደ። ቅዝቃዜው ደረቱ ጋ ሲደርስ ያሰማው ጩኸት ሳሌርኖ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እናናዬ ቀለበቱን በአንድ እጇ ይዛ መጎተት ጀመረች።

«አታራግጥ ሲራክ!»

«ካላራገጥኩ እሰምጣለሁ!»

«ለብሰህ የመጣኸውን እያየኸው? ብትፈልግም አትሰምጥም! ዝም ብለህ ተጎተት!»

ጨለማውን እያለፉ ሳለ በሹክሹክታ ጸለየ። ብርሃኑ ዘንድ ሲደርሱ ጸሎቱን በግማሽ አቋረጠው። እናናዬ ፊቱን ጠበቀች። ለሁሉም ነገር ተረብ የማያጣው ባሏ አፉን ከፍቶ ቀረ። ውሃው አገጩን ከሥር ያበራዋል፤ ሽበቱ አረንጓዴ ሆኗል። ቆይቶ ቆይቶ «እግሬ ይበራል» አለ፣ እንደ ሕፃን። «እናናዬ፣ እግሬን አየሽው?»

«አየሁት።»

ከዚያ ድንገት መዝሙር ጀመረ። በቸርች ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚያጉተመትመው ሲራክ፣ እዚያ በወፍራም ድምፁ ሲያዜም ዋሻው መዘምራን ሆኖ ተቀበለው። እናናዬ ቀለበቱን እንደያዘች አብራው ዘመረች። ውጭ ኢማ ቃሉ ባይገባትም ታጨበጭባለች፤ ሔርሞን ስልኳን ወደ ስንጥቋ ቀስራ እየቀረጸች፣ ታለቅሳለችም ትስቃለችም።

ምሳቸውን የበሉት ጸጉራቸው እንደራሰ ነው፤ ሎሚ የተጨመቀበት ትንንሽ ዓሣ፣ ቲማቲምና ዳቦ። ሲራክ ሲበላም ማውራቱን አላቋረጠም። ወደ ሳሌርኖ ሲመለሱ ኢማ እናናዬን ጠቀሰቻትና መሪውን ለቀቀችላት። እናናዬ እግሯን ከፍታ ቆማ ጨበጠችው። ከፊታቸው አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ አልፎ የውሃ ጉብታ እየገፋ ላከባቸው። ኢማ በእጇ «ቀጥታ፣ ፊት ለፊት» ብላ አሳየቻት። እናናዬ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ጉብታው አቀናች፤ ጀልባዋ ጉብታውን ወጣች፣ ለቅጽበት አየር ላይ ተንጠለጠለች፣ ከዚያ ቧ ብላ ወርዳ ሁሉንም አራሰቻቸው።

ሔርሞን ጮኸች። ሲራክ ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ድገሚው!» አላት።