ለኩላሊት ይሆናል ይላሉ

የዕፅዋት ተመራማሪዋ ታናሽ ወንድሟን በቀበረች በሳምንቱ ሥራ ገባች። የሥራ ባልደረቦቿ ትንሽ እንድታርፍ ቢመክሯትም፣ እቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ደረቅ ቅጠል ባይ ይሻለኛል ብላ ጋዋኗን ለበሰች። እንባ የሚባል ነገር ካይኗ ጠብ አላለም። ዘመድ አዝማዱ ሆደ ሰፊ አላት፤ ልበ ደረቅ ያላትም አልጠፋ። እሷ ግን ሁለቱንም አልነበረችም። ጥርሱ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ሰው ከንፈር፣ ሐዘኑ ብትነክሰውም የራሷ አልመስል አላት።

ሥራዋ በየገጠሩ እየዞሩ ተክል በየዓይነቱ መሰብሰብ፣ በጋዜጣ መሃል አድርቆ ወረቀት ላይ መለጠፍ፣ ሰዉ ለምን እንደሚጠቀምበትም ጠይቆ መጻፍ ነው። ወንድሟ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ይቀልድባት ነበር። “ፍየልና እህቴ ቅጠል አይተው አያልፉም” ይላል።

ኩላሊቱን ታሞ ሐኪም ቤት መመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ገደል ሥር የሚበቅለው ቢጫ አበባ ያለው ሐረግ ለኩላሊት ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ምግቧን እያላመጠች “ይሆናል ይላሉ” አለችው። በሷ ሙያ “ይላሉ” ማለት ሰው ነግሮኛል እንጂ እኔ አልመረመርኩም ማለት ነው። እሱ የሰማው “ይሆናል” የምትለዋን ብቻ ነበር። ክኒኑን ትቶ የሐረጉን ሥር ሲጠጣ መክረሙ የታወቀው ፊቱና እግሩ አብጦ ሐኪም ቤት ሲተኛ ነው። ከዚያም በእግሩ አልወጣም።

አሁን ክፍሉ ስለ መድኃኒት ተክሎች ሲያዘጋጀው የከረመው መጽሐፍ ለኅትመት ደርሷል፤ ያ ሐረግም ካልተጠናቀቁት ተክሎች አንዱ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ስለሚያውቅ፣ እሱን እንኳ ሌላ ሰው ይጨርሰው አላት። እሷ ግን እምቢ ብላ፣ ሐረጉን መጀመሪያ ወዳሳዩዋት የባህል መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ ሄደች።

ሽማግሌው እንደወትሮው አክብረው ተቀበሏት። ሥሩ እንዴት እንደሚፈላ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ ጠየቀቻቸው፤ ሳይደብቁ ነገሯት። የሚሉትን ሁሉ ጻፈች። ልትነሳ ስትል ግን ሽማግሌው አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

“ልጄ፣ ከወራት በፊት አንድ ሰውዬ ያንቺን ስም ጠርቶ መጥቶ ነበር። ሥሩን ቆፍሬ ሰጠሁት። ተሻለው ይሆን?”

“ሞተ፣ አባባ። ወንድሜ ነበር።”

ሽማግሌው ነፍስ ይማር አሉ። ኋላም ክኒን እንደሚውጥ አለመንገሩን፣ ቢነግራቸው ኖሮ ከሐኪምህ አትለይ ይሉት እንደነበር ቀስ ብለው አስረዷት። አመነቻቸው። እግሩ ያበጠ ሰው ሲመጣ አስቀድመው ወደ ሐኪም ቤት እንዲልኩት ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። እሷም ስለ ሐረጉ በጻፈችው ላይ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ይህን የጠጣ አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ መሞቱን ጨመረች።

መጽሐፉ ሳይወጣ ይህን ለወንድሟ ሚስት ልትነግር በዚያው ሳምንት እቤቷ ሄደች። ሴትየዋ አልጋ ላይ የባሏን ልብስ ዘርግፋ የሚሰጠውን ከማይሰጠው እየለየች ነበር። ነገሩን አንድ በአንድ ሰማቻት።

“ያፈላሁለት እኔ ነኝ፣ እትዬ” አለቻት። “ጠዋት ጠዋት። እህቴ ብላለች ሲለኝ ጊዜ መች ተጠራጠርኩ?”

ተመራማሪዋ ለካ ይህች ሴት ይህን ብቻዋን ተሸክማ ነው የከረመችው ብላ አሰበች። “ይላሉ” ነው እንጂ ያልኩት ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

“አንቺ ያመጣልሽን ነው ያፈላሽው። ቃሉ ከኔ ነው የወጣው” አለቻት።

የወንድሟ ሚስት ያን ጊዜ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እሷ አላለቀሰችም። አጠገቧ ተቀምጣ አንድ ሸሚዝ አነሳችና አጠፈች፤ ሌላም ጨመረች። ልብሱ ሲያልቅ ሴትየዋ ፊቷን ታጥባ እራት አቀረበች። ጨው ይነሰው ይብዛበት ተመራማሪዋ አላወቀችም፤ ግን ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበላትን ጨረሰች።