ትርፍ ነው ወይስ ዋና?

የጥርስ ሐኪም ናትና በቀን ስንቱን አፍ ታያለች! የበሰበሰ፣ የተቦረቦረ፣ መግል የቋጠረ። ጎንበስ ብላ «ትንሽ ሰፋ ያድርጉልኝ» ስትል አንድም ቀን አቅለሽልሿት አያውቅም። ያን እሁድ ከሰዓት ግን፣ በአባቷ ሳሎን ሁለቱ ወንድሞቿ ብርቱካን እየላጡ ሲያወሩ ስታያቸው ፊቷን አዞረች። ጥርሳቸው እኮ ጤነኛ ነው፤ በነጻ የምታጸዳላቸውም ራሷ ናት። ያስጠላት በጥርሱ መሃል የሚወጣው ወሬ ነው።

ታላቅየው ጠበቃ ነው፤ ታናሽየው መኪና ይሸጣል። አባታቸው ከኮሪደሩ ማዶ፣ በሩ ገርበብ ባለ ክፍል ውስጥ ጋደም ብሏል። ልቡ ደካማ ነው፣ ዓይኑም ፈዟል፤ ጆሮው ግን ደህና ስለሆነ ወንድማማቾቹ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር። በገዛ አባት ቤት እንደ ሌባ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በጉልምስናው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር የሳሙና ፋብሪካ ያቆመ ሰው ነው። በኋላ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፣ ባለቤቱ በዛ፣ ለሳሙና ሞራ ሲቀልጥ አይተው የማያውቁ ሰዎች ቦርድ ላይ ወጡ። እነሱ ናቸው ዘንድሮ ፋብሪካውን የዘጉት። ማሽኑን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ፣ መሬቱን በወርቅ ዋጋ ሸጡትና ግንቡ በሳምንት ውስጥ ፈረሰ። ከእንግዲህ ኩባንያው ሌላ ሰው የሠራውን ሳሙና ገዝቶ በራሱ ወረቀት መጠቅለል ብቻ ነው ሥራው። ለመጠቅለል ደግሞ ብዙ ካፒታል ምን ያደርጋል? ከካፒታሉ ላይ ቀንሰን ለባለአክሲዮኖች እንመልስ ተባለ። የአባቷ ድርሻ ቀላል አይደለም። አሁን የቀረው ገንዘቡ የት ይግባ የሚለውን መወሰንና አባባን ማስፈረም ነው።

«ሕንጻ» አለ ጠበቃው፣ የብርቱካን ፍሬ መዳፉ ላይ እየተፋ። «አንድ ደንበኛዬ ፎቅ እያስገነባ ነው። ገና ሳያልቅ ሁለት ወለል ብንይዝ ኪራዩ ብቻ ያኖረናል።»

«ሕንጻ የትም አይሄድም፣ ቆሞ ነው የሚያረጀው» አለ መኪና ሻጩ። «መኪና ነው የሚሽከረከር። ለኔ ስጡኝና እጥፍ አድርጌ ላሳያችሁ።»

«ያለፈው እጥፍህ የት ደረሰ?»

«እሱን ተወው፤ ጉምሩክ ነው የበላኝ።»

«ቆይ» አለች እሷ። «ገንዘቡ የአባባ አይደለም እንዴ? እሱን ጠይቃችሁታል?»

ሁለቱም ያበደች ይመስል ዞረው አዩዋት።

መቼም በዚያ ቤት ሕጉ አንድ ነበር። «ትርፍ ይበላል፣ ዋና አይነካም።» አባታቸው ይህን ሳይል ያደረበት ቀን የለም። ፋብሪካው ያተረፈ ዓመት ሦስቱም አዲስ ጫማ ይገዛላቸዋል፤ ካላተረፈ ያሮጌውን ሶል ራሱ ይሰፋዋል። እናታቸው በታመመች ጊዜ እንኳ ምንጣፍና ቁምሳጥን ሸጠ እንጂ አክሲዮኑን አልነካም፤ ይህን ደግሞ የመከረችው ራሷ እናታቸው ነበረች። «ስንደክም የሚጦረን እሱ ነው» ትል ነበር። እሷ ሳትጦርበት ሄደች። አባታቸው ከዚያ ሌላ ጡረታ የለውም፤ የልብ መድኃኒቱም፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የምታጥበው አስታማሚም፣ ይኸ የተኛበት ቤትም ተስፋቸው ያ አክሲዮን ነው። የፋብሪካውን መፍረስ ደግሞ እስካሁን የነገረው ሰው የለም።

«ዋና ነው ካልነው አይፈርምም» አለ ጠበቃው። «"ባንክ ይቀመጥልኝ" ነው የሚለው። ስለዚህ ትርፍ ነው እንበለው። ትርፍ ከሆነ "ለልጆቼ" ብሎ ይሰጠናል፣ በሦስታችን ስም ይገባል። ደግሞስ ተመላሽ በይው ትርፍ በይው፣ ያው ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ነው።»

«ውሸት ነዋ!»

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አለ ፊቱን በጨው ታጥቦ። «እኛ ስንለው ውሸት ሊመስል ይችላል። አንቺ ነሽ የምትነግሪው። አንቺን ያምናል።»

መኪና ሻጩ ጣቶቹን በሶፋው ልብስ ጠራረገና ጠጋ አላት። እናታቸው የሰፋችው ልብስ ነው! «ሕንጻውን ከያዝን ምድር ቤቱን ለክሊኒክሽ እንሰጥሻለን፣ እህቴ። ያ የተበላሸ የራጅ ማሽንሽም ይቀየራል። አከራይሽ ውጪ ብሎሻል አይደል?»

ማን እንደነገረው እንጃ። ግን እውነት ነው፤ አከራይዋ ውጪ ብሏታል፣ የራጅ ማሽኑም ከቆመ ሰንብቷል፤ ታካሚዎቿን ማዶ ወዳለው ክሊኒክ እየላከች ግማሾቹ እዚያው ቀርተዋል። «ቱ!» አለች በልቧ። እንዴት ያሉ ቅሌታሞች ናቸው! አባታቸው ሳይሞት አስከሬን የሚከፋፈሉ! እንዲህ እያለች የሚፈረመውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ለልቡ ብዬ ነው፣ እውነቱን ቢሰማ ይሞትብናል ብላ ራሷን አሳመነች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አባቷ የእግሯን ኮቴ ያውቃል። «እናቴ፣ አንቺ ነሽ?» አላት። «ምንድን ነው እነዚያ እንደ አይጥ የሚንሾካሾኩት?»

«ከኩባንያው ገንዘብ መጥቶልሃል፣ አባባ። ፊርማህን ፈልገው ነው።»

ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። በሳሙና ሶዳ የተቃጠሉት እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ቆሙ።

«ትርፍ ነው ወይስ ዋና?»

ለመመለስ ያን ያህል አልዘገየችም። ኋላ ስታስበው ያንገበገባት አንዱ ይኸው ነው፤ ትንሽ እንኳ አልተንተባተበችም።

«ትርፍ ነው።»

«አተረፈ?» አለ። «ፋብሪካዬ አተረፈ?» ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ፈካ። «ስንት ዓመት ኪሳራ ኪሳራ ሲሉኝ! አበቃለት ሲሉኝ! እኔ እኮ ብያለሁ፣ ሠራተኛው ጎበዝ ነው ብያለሁ! እሰይ! እሰይ የኔ እናት፣ አፌ ቁርጥ ይበልልሽ!» እንባው በጉንጩ ወረደ፣ እሱም ሊጠርገው አልሞከረም።

እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። እጇን በቀስታ ገፋ አደረገው።

«እዚህማ አልፈርምም። ገንዘቡ እዚያ ተገኝቶ እዚህ አልጋ ላይ ይፈረማል? ነገ ፋብሪካ ውሰዱኝ። የሳሙና ማፍያው በርሜል አጠገብ ቆሜ፣ ሠራተኞቹን እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ፣ እነሱ ፊት ነው የምፈርመው። በይ ጢሜን የሚላጭልኝ ፈልጊ።»

ሳሎን ተመልሳ ስትነግራቸው ጠበቃው ግንባሩን ያዘ። መኪና ሻጩ ግን ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ!

«ይኸ ምን ያስጨንቃል? ዓይኑ አያይም አይደል? ጓደኛዬ መጋዘን አለው። ከመንገድ የተወሰኑ ሰዎች ሰብስበን ቱታ እናልብሳቸው። አባባ ሲገባ ያጨብጭቡ፣ ይፈርም፣ በቃ።»

ጠበቃው እንዲህ ያለውን ቅሌት ሲሰማ ወንድሙን በጥፊ ይለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን አገጩን እያሻሸ፣ «የማሽኑ ድምፅስ?» አለ።

«ጄኔሬተር ይነሳላ!»

ኧረ ምድር ትዋጠኝ! የአንድ እናት ልጆች ናቸው? ከእነዚህ ጋር ነው አንድ ሳህን ላይ ያደገችው? አሁንስ ተነስታ ልትጮህባቸው ነው።

«ሽታውን ምን ልታደርጉት ነው?» አለች። «አባባ እኮ ፋብሪካውን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ሞራ ካልሸተተው ገና በሩ ላይ ይነቃል። ከልኳንዳ ሞራ ገዝታችሁ በጠዋት ማቅለጥ አለባችሁ። ሶዳም ትንሽ ጣል አድርጉበት።»

ወንድሞቿ ተያዩ።

«በስመ አብ!» አለ መኪና ሻጩ በአድናቆት። «እኛ እኮ አንቺ የለሽበትም ብለን ነበር።»

ጠበቃው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ ጎበዝ ለተባለ ተማሪ እንደሚደረገው። የብርቱካን እጁ ሸሚዟ ላይ እርጥብ ምልክት ተወ። ምልክቱን አየችው። የጮኸችባቸው መስሏት ነበር እኮ! በልቧ ስትሰድባቸው፣ ስትጸየፋቸው፣ ከነሱ የተሻልኩ ነኝ ስትል ውላ፣ የጎደላቸውን ያሟላችላቸው እሷ ሆና አረፈችው። ራሷን እንዲህ ተጸይፋው አታውቅም። ከነሱ ይልቅ ራሷ ለራሷ ገማች።

«የትም አትወስዱትም» አለች። «ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ።»

«አብደሻል? ልትገዪው ነው?» ጠበቃው ክንዷን ያዘ። መንጭቃ ኮሪደሩ ውስጥ ገባች።

አባቷ ስልክ ይዟል። ፋብሪካውን አብሮት ያቆመ፣ ሳሙናውን ይመዝን ስለነበር ሚዛን የሚባል ጓደኛው ነው ማዶ ያለው። እሱም ባለአክሲዮን ነው፤ የኩባንያው ወረቀት ለሱም ደርሶታል። ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ሚዛን! ሰማህ ወይ? አተረፍን እኮ!... ምን ማለትህ ነው? ትርፍ ነው እንጂ!... ኧረ ልጄ ናት የነገረችኝ፤ ወንዶቹ ቢሉኝማ መች አምን ነበር? እሷ ናት!»

ከዚያ ሰማ። ብዙ ሰማ።

«መቼ?» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ማፍያውስ?» አለ። «እ። ሠራተኞቹስ?... እሺ። እሺ ሚዛን። ደህና ሁን።»

ስልኩን የሚያስቀምጥበትን ቦታ በእጁ እየዳበሰ ፈለገ። ሮጣ ተቀበለችው። ልቡን ፈርታ የደም ሥሩን ልትይዝ ስትል እጁን ሰበሰበ። ልቡ እንደሆነ ምንም አልሆነም፤ ሰውየው ቁጭ ብሏል።

«አባባ፣ ልነግርህ ነው የመጣሁት። እግዜር ያውቃል፣ አሁን ልነግርህ ነበር።»

«ወረቀቱን።»

«አትፈርም አባባ! ዋና ነው፤ ያንተ ጡረታ ነው! በስማችን ነው የሚያስገቡት። ባንክ አስቀምጥልሃለሁ፣ እኔ ራሴ ነገ...»

«ወረቀቱን» አለ እንደገና። ድምፁ ከፍ አላለም። ከእጇ ወሰደው፣ እስክሪብቶውንም ወሰደ። «ፋብሪካው የለ፣ ልጅ የለ፤ ለማን ነው የማስቀምጠው?»

መስመሩን በጣቱ አገኘው፣ በፈዘዘ ዓይኑ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩል ፈረመ። እጁን ልትይዘው ፈልጋ አልደፈረችም። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ወረቀቱን ዘረጋላት።

«እንኩ ዶክተር» አላት። «ይውሰዱት።»

ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀን አንቱ ብሏት አያውቅም። ቀልዶ እንኳ።

«አባባ» አለች።

ከሳሎን በሹክሹክታ «ፈረመ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ሲወጡ» አላት አባቷ፣ «በሩን ይዝጉልኝ።»