ብረቱ ያልተቀበረለት ሰው

«እማ፣ የአባባን ቀይ ደብተር የት አደረግሽው?» አለ ሮይ፣ የአባቱ ሬሳ ካለበት ክፍል ብቅ ብሎ።

ዊኒፍሬድ በራዱን እንደያዘች ቀረች። ባሏ ክሌም ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የፊት ለፊቱ መጋረጃ ተዘግቷል፤ ለቀስተኛው በጓሮ በር እየገባ ሻዩን በቁሙ ይጠጣል።

«ተዋት እስቲ ልጄ» አለች ጎረቤቷ ኔሊ። «አባትህ እንደሆነ ከኛ ይልቅ የድሮ ብረት አቅላጮችን ነበር የሚያውቀው። እኔን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሜን ስቶ ኔታ ሲለኝ ኖረ!»

ሰዉ ሳቀ። ዊኒፍሬድ ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

«እሁድ ደውሎልኝ ነበር» አለ ሮይ። «‹የሰውየውን ስም አገኘሁት፣ ደብተሬ ላይ አለ፤ ስትመጣ በጸሎት ቤት ታነብልኛለህ› አለኝ። አደራ ነው እማ። ቀብሩ ደግሞ ነገ ነው።»

ክሌም ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው የሳይላስ ፓርጄተርን የብረት ማቅለጫ ታሪክ መፈለግ ነበር። በአውቶቡስ ዱድሊ ከተማ ይሄዳል፣ የማቅለጫውን የድሮ ጸሐፊዎች የልጅ ልጆች ደጅ ይጠናል፣ መዝገብ ይገለብጣል። ፓርጄተር የነዊኒፍሬድን ጸሎት ቤት ያሠራ ባለጸጋ ነው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር ይሉታል።

እሁድ ዕለት ከጸሎት ስትመለስ ክሌም ደብተሩን ይዞ ጠበቃት።

«ዊን፣ ቁጭ በይ። ሰው የቀለጠ ብረት ውስጥ ከወደቀ ብረቱ አይሸጥም። ሌላ ሬሳ ስለሌለ እሱኑ ይቀብሩታል። ታውቂያለሽ።»

«አያቴ ይነግሩን ነበር።»

«ፓርጄተር ግን እሱ ማቅለጫ ውስጥ ወድቆ የቀለጠውን ሠራተኛ ብረት አልቀበረውም። ለሟቹ ሚስት አሸዋ የሞላ ሣጥን አስቀብሮ፣ በብረቱ ምሰሶ አሠራ። የጸሎት ቤታችሁን የግራ ምሰሶ።»

እዚያ ምሰሶ ሥር ነው አርባ ዓመት የጸለየችው። ሮይንም ያስጠመቀችው እዚያው ነው።

«ዝም በል! የእግዚአብሔርን ቤት መቃብር ልታደርግብኝ ነው?»

«እኔ አይደለሁም ያደረግኩት፣ ዊን።»

ሰኞ፣ እሱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ዋናው መዝገብ የነበረበት ቤት ፈርሷል፤ መዝገቡም አብሮ ጠፍቷል። ክሌም ተመልሶ አመዱን አየ። ኮቱን ሰቅሎ ተቀመጠ። ሁለት ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። ረቡዕ ጠዋት ሻይ ይዛለት ስትመጣ ወንበሩ ላይ ሞቶ አገኘችው።

«አቃጠልኩት» አለች አሁን ለሮይ።

«ምኑን?»

«ደብተሩን።» የምሰሶውንም ነገር አንድ ባንድ ነገረቻቸው።

ሮይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ስሙንስ? ላንቺ ነግሮሽ የለ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ እማ!»

«ነግሮኛል። እየጮህኩ ነበር ልጄ። አልሰማሁትም።»

«እንኳንም ተቃጠለ» አለች ኔሊ በሹክሹክታ። «ማን እዚያ ገብቶ ይጸልይ ነበር?»

«ኔሊ፣ ሻይሽን ጠጪ» አለቻት ዊኒፍሬድ።

ከዚያ በኋላ ሰው ይሂድ ይምጣ አላወቀችም። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ ስሙን ብቻ መልስልኝ እያለች ለመነች። ጄምስ ይሆን? አይደለም። ኢላይጃ? አይደለም። ምንም አልመጣላትም።

በማግስቱ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሬሳ ተሸካሚዎቹ ወደ ፊት ሲያልፉ ከግራው ምሰሶ አጠገብ አስቆመቻቸው።

«እዚህ አስቀምጡት።»

«ቦታው መድረኩ ጋ ነው እኮ፣ ወይዘሮ ትራንተር» አሉ ፓስተሩ።

«እዚህ ነው ያልኩት።»

አስቀመጡት። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ገለጡ። «ወንድማችንን ክሌመንትን ለምሕረትህ...»

«እና» አለች ዊኒፍሬድ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ፓስተሩ ጠበቋት። «እና ማንን?»

አፏን ከፈተች። የምትለው ስም የላትም። ሮይ አንገቱን ደፋ።

ጓንቷን አወለቀች። አንድ እጇን ሣጥኑ ላይ አደረገች፣ ሌላውን ዘርግታ ምሰሶውን ያዘች። ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ፓስተሩ ጸሎቱን ጨረሱ፣ ሰዉ ተቀመጠ፤ እሷ ግን ብረቱ መዳፏ ሥር ትንሽ እስኪሞቅ ድረስ እጇን አላነሳችም።